ጂቲ-አር ወይስ ፖርሽ? ሰዓት ያልፈታው ክርክር

በሩጫ ዓለም ሰዓት ዳኛ ነው። ቀድሞ የገባው አሸነፈ፣ በቃ ክርክሩም አበቃ። በስፖርት መኪና አፍቃሪዎች መንደር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በጃፓኑ ኒሳን ጂቲ-አር እና በጀርመኑ ፖርሽ 911 ቱርቦ ደጋፊዎች መካከል የተነሳው ሙግት ነው። ጂቲ-አር በኦገስት 2025 (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምርቱ ቢቋረጥም ሙግቱ ዛሬም አልበረደም።

የክርክሩ መነሻ ዋጋ ነው። ጂቲ-አር በ2007 መጨረሻ በጃፓን ገበያ ሲወጣ 7.77 ሚሊዮን የን ተተመነለት። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ሲገባ ደግሞ መነሻ ዋጋው 69,850 ዶላር ሆነ። ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ያለው ባለ 3.8 ሊትር ሞተሩ ያኔ 480 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በወቅቱ ተመሳሳይ 480 የፈረስ ጉልበት የነበረው 911 ቱርቦ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ጉልበት እኩል፣ ዋጋ ግን ወደ ግማሽ የተጠጋ!

እሳቱ የተቀጣጠለው በኤፕሪል 2008 ነው። የኒሳኑ አሽከርካሪ ቶሺዮ ሱዙኪ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጀርመኑን ኑርበርግሪንግ በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ዞረው። ፖርሽ ይህንን ሊውጠው አልቻለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጂቲ-አር ገዝቶ በራሱ አሽከርካሪ ሲፈትነው ያገኘው 7 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነበር። የራሱ ቱርቦ ግን በ7 ደቂቃ ከ38 መግባቱን ገለጸ፤ ኒሳን የተጠቀመው ጎማ ለገዢ የሚሰጠው ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬም አነሳ። ኒሳን በበኩሉ ክሱን አስተባብሎ፣ የፖርሽ ሰዎች መኪናውን መንዳት ከፈለጉ በኒሳን የማሽከርከር ሥልጠና ላይ መሳተፍ እንደሚችሉ በመግለጽ ነገሩን በነገር መለሰ።

ለመሆኑ ማን ዋሸ? ምናልባትም ማንም። በአንድ ዓይነት መኪና ላይ የ25 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ የአሽከርካሪው ልምድ፣ የጎማው ዓይነትና የዕለቱ አየር ሁሉ በሰዓቱ ውስጥ አሉበት። ያኔ ሁሉም ኩባንያ የራሱን ሰዓት ራሱ ይዞ፣ ራሱ ያውጅ ነበር። የኑርበርግሪንግ አስተዳደር ሙሉውን የ20.832 ኪሎ ሜትር ዙር መለኪያ አድርጎ ለሪከርድ ሙከራዎች አንድ ወጥ ደንብ ያወጣው በ2019 ነው። እስከዚያ ድረስ በወጣ ሰዓት ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን ያወጣ ሰው፣ ያለ ዳኛ የተካሄደ ጨዋታ ውጤት ላይ የተወራረደ ያህል ነው።

ወደ መኪናው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጠብቃል። የጂቲ-አር ደጋፊዎች በዳሽቦርዱ መሀል ያለውን ስክሪን ያነሳሉ። የዘይቱን ሙቀት፣ የቱርቦውን ግፊት፣ መኪናው ሲታጠፍ የሚፈጠረውን ኃይል ሁሉ ያሳያል። ዲዛይኑ የታዋቂው የግራን ቱሪስሞ ጌም ሠሪዎች የፖሊፎኒ ዲጂታል ሥራ ነው። ተቺዎች ግን "ስክሪኑስ ጥሩ፣ ፕላስቲኩስ?" ይላሉ፤ የውስጥ አጨራረሱ ከተራ ኒሳን ብዙም አይርቅም ባዮች ናቸው። ፖርሽ ዘንድ ጌም የለም። ያኔ ከመሪው ጀርባ አምስት ክብ ጌጆች ተደርድረው ነበር፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መሀል ላይ ነበር፣ ቁልፉም እንደ ወትሮው ከመሪው በስተግራ ይገባ ነበር።

ትችቱ መሠረት እንደነበረው ያሳየው ራሱ ኒሳን ነው። ለ2017 ሞዴል ዳሽቦርዱን በቆዳ አልብሶ እንደ አዲስ ሠራው፤ የሬዲዮና የአቅጣጫ መጠቆሚያ ቁልፎቹንም ከ27 ወደ 11 ቀነሳቸው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከ27 ቁልፍ አንዱን የሚፈልግ አሽከርካሪ ዓይኑ መንገዱ ላይ አይደለም። የመኪና ውስጥ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የብቃትም ጉዳይ ነው የሚያሰኘው ይሄ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ "ርካሽ" የሚለው ቃል ራሱ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የጂቲ-አር ገዢዎች የመረጋጋት መቆጣጠሪያውን አጥፍተው መኪናውን ከቆመበት በሙሉ ኃይል ሲያስወነጭፉ ካምቢዮው ቢሰበር ዋስትናው እንደማይሸፍነው ሲነገራቸው ደንግጠዋል። ኒሳን ቆይቶ የአነሳሱን ሶፍትዌር ቀይሮታል። ዋጋውም ቢሆን ባለበት አልቆመም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ መነሻው ከ120 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር፤ ማለትም ድሮ "ውድ ነው" ተብሎ የተሾፈበት ቱርቦ ይሸጥበት የነበረው ዋጋ ላይ ደረሰ። እርግጥ ቱርቦውም በበኩሉ ወደ 200 ሺህ ዶላር ተጠግቷል።

"በትንሽ ገንዘብ ብዙ ፍጥነት" የሚለውን ዘውድ በዚህ መሀል የወሰደው አሜሪካዊው ሼቭሮሌ ኮርቬት ነው። ሞተሩ ከአሽከርካሪው ጀርባ የተቀመጠለት የ2020 ሞዴል ከ60 ሺህ ዶላር ባነሰ መነሻ ዋጋ መጣ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል እንደ አጥር በተደረደሩት ቁልፎቹ ሲተች ከርሞ፣ ለ2026 ሞዴል አጥሩ ፈርሶ ዳሽቦርዱ በሦስት ስክሪኖች ተተካ። ያው የጂቲ-አር ታሪክ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ፍጥነቱ ያሸጣል፣ ቀጥሎ ገዢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማጉረምረም ይጀምራል።

ጂቲ-አር በ18 ዓመት ጉዞው 48 ሺህ ያህል መኪኖች ተመርተውለታል። ከነዚህ ባለቤቶች ኑርበርግሪንግን በሪከርድ ሰዓት የዞረው ስንቱ ይሆን? ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ፣ ቁልፎቹን ያልነካና የጥገና ሂሳብ ያልመጣበት ባለቤት ግን አይኖርም። ሁለት የስፖርት መኪና ለማወዳደር የሚነሳ አፍቃሪ 7 ደቂቃ ከ29 የሚለውን ቁጥር ከመጥቀሱ በፊት ማን ነዳው፣ በምን ጎማ፣ ሲበላሽስ ማን ይከፍላል ብሎ ቢጠይቅ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።