ሰማይ ጠቀሱን የት አያችሁት?

ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ይፋግ ሲገባ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። እንግዳውም ወጉን ይጀምራል። «ዋሽንግተን ማለት ቀና ብለህ ስታይ ቆብህ የሚወድቅበት ሰማይ ጠቀስ የሞላባት ከተማ ናት!» ሽማግሌዎቹ «ወይ ጉድ!» ይላሉ። ጥግ የተቀመጠው ወጣት ግን ዝም ብሎ በልቡ በሬውን ይሸጣል።

እኔም ያንን ወግ ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። ቀን ወጥቶልኝ ዋሽንግተንን በእግሬ ስዞር ሰማይ ጠቀሱን ፈልጌ አጣሁት። ለካስ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣ ሕግ የሕንፃዎቹን ቁመት ከፊታቸው ካለው መንገድ ስፋት ጋር አስሮታል! አብዛኞቹ ከ40 ሜትር አይዘሉም። ታዲያ ዘመዶቻችን ያዩት የትኛውን ነው? ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ከተማዋን ያዩአት በመኪና መስኮት ነው፤ ወጉን የተዋሱት ደግሞ ከኒውዮርክ ፊልም።

በእግሩ የዞረ ሌላ ነገር ያያል። መንገዶቹ በአንድ በኩል በፊደል፣ በሌላ በኩል በቁጥር ይጠራሉ፤ ከተማዋ በአራት ስለተከፈለች ያው ስም በየክፍሉ ይደጋገማል። እኔ «ሰሜን ምዕራብ» የምትለዋን ቃል ዘንግቼ ግማሽ ቀን ተንከራትቻለሁ። መንገድ ያሳየኝ የጎንደር ሰው፣ ባገሩ አስተማሪ የነበረ ታክሲ ነጂ ነው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት የሚተኛው ከሁለት ሰዎች ጋር በሚጋራት ክፍል ነው። «ይህን ለእናትህ ጽፈህላቸዋል?» ብለው ሳቀ። «ዋይት ሀውስ በር ላይ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ ልኬላቸዋለሁ» አለኝ።

ዩ ስትሪት ክትፎ በልተው «ይህማ አዲስ አበባ ነው!» እያሉ የሚመለሱም አሉ። ለመሆኑ ሰፈሩ የማን ነበር? የጥቁር አሜሪካውያን ቲያትርና ሙዚቃ የደመቀበት፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በቁጣ ነደደ። ወገኖቻችን ኋላ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ያስመሰግናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን እዚያው 9ኛው መንገድ ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም ይሰጥ ሲባል ከነባሮቹ ጥቁሮች ተቃውሞ ተነሳ። «ቅናት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አይደለም! የይፋግ ሰው የሰፈሩን ስም ትናንት የመጣ እንግዳ ልለውጥ ቢለው እሺ ይላል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች በይፋግ ሲያልፉ ስለ ገበያው ጠየቁ፤ አሞሌው በምን እንደሚለወጥ፣ ነጋዴው ለማን ቀረጥ እንደሚከፍል ጠየቁ። ዛሬ የዚያን ገበያ ገናናነት በከፊል የምናውቀው ከእነርሱ ማስታወሻ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው ሲመለሱ ያዩትን በመጽሐፍ አስፍረው ለወገናቸው አቅርበዋል። እኛስ? ፎቅ ቆጥረን እንመለሳለን፤ ያውም የሌለ ፎቅ!

እናንት ተመላሾች ሆይ! ቡናው ሲፈላ የቤት ኪራዩን ንገሩን። የሌሊቱን ሥራ፣ የጎረቤታችሁን ጥቁር አሜሪካዊ ታሪክ ንገሩን። ደጉንም አትደብቁ። ወጣቱ ቢሄድም ቢቀርም የራሱ ጉዳይ ነው፤ በሬውን በውሸት ወግ ምክንያት ከሸጠ ግን ዕዳው የእናንተም ነው።