የአእምሮ ሕሙማንን ስለ ማስተዳደር

ስለ ራሱ መናገር ለማይችል ሰው የሚደረገው ነገር የሹምን ልብ ይገልጣል። አእምሮው የታወከ ሰው አቤት ብሎ ቢጮኽ ጩኸቱ ከሕመሙ ይቈጠርበታልና፥ ከማንም ይልቅ ቅን ሹም ያስፈልገዋል።

ይህን በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ኢጣልያዊው ሐኪም ዶክቶር ፍራንኮ ባዛልያ ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በጎሪዚያ ከተማ ለአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት አለቃ ሆነው ተሾሙ። በዚያን ጊዜ ሕሙማኑ ከአልጋ ጋራ ይታሰሩ፥ ደጁም በቍልፍ ይዘጋ ነበር። ሌሊቱን የታሰሩት ሰዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ ለፊርማ ቢቀርብላቸው፥ አልፈርምም አሉ ይባላል። ብዕር ለያዘ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የብዙ ሰው እስራት የሚጸናው ሳይመረምሩ በሚያኖሩት ፊርማ ነውና።

በ1971 ወደ ትሪየስቴ ከተማ ተሾሙ። በዚያ ሐኪም ቤት 1,200 ያህል ሕሙማን ነበሩ። ዶክቶሩ ደጁን ሲከፍቱ ሕሙማኑን በጎዳና አልበተኑም። ማደሪያ ፈለጉላቸው፤ ሥራ የሚችሉት ደመወዝ የሚያገኙበት ማኅበር እንዲቋቋም ረዱ፤ በየሰፈሩም የአእምሮ ጤና ጣቢያ ይከፈት ጀመር። በ1978 የኢጣልያ ምክር ቤት እንደነዚህ ያሉት ሐኪም ቤቶች ቀስ በቀስ እንዲዘጉ በቍጥር 180 ሕግ አወጣ። ዶክቶር ባዛልያ በ1980 ዐረፉ።

ሕጉ ለአገሩ ሁሉ አንድ ሲሆን ፍሬው ግን በየስፍራው ተለያየ። ሹማምንቱ የጤና ጣቢያ አስቀድመው ባዘጋጁበት ስፍራ ሕመምተኛው ከሰው ጋራ መኖርን ለመደ፤ ቸል ባሉበት ግን ሸክሙ ሁሉ በእናትና በእኅት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ቤተ ሰብ ብቻውን ሐኪምም ዘበኛም ሊሆን አይችልም።

በአገራችንም ሕመምተኛውን በቤት የሚያስሩ ወላጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት የሚረዳቸው ስላጡ ነው። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ሰንሰለቱን ፍቱ ብሎ ባዘዘ ጊዜ፥ ሐኪሙ ከየት እንደሚመጣ፥ መድኃኒቱ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፥ እናቲቱም መቼ እንደምታርፍ አብሮ ይወስን። አባወራም ሕመምተኛውን ከማዕድ አይለየው፤ በክርስትና ወይም በዓለም ስሙ ይጥራው እንጂ በሕመሙ ስም አይጥራው። በስሙ የሚጠራው ያለው ሰው ከቤተ ሰቡ አልወጣምና።