ማሽኑ ለ40 ዲግሪ ተሠራ፤ ሠራተኛውስ?

ከእኛ መካከል ጥቂቶች ለተግባር ልምምድ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎና ወደ ሰመራ ወርደን ነበር። ስንመለስ ጓደኞቻችን ሁሉ የጠየቁን ስለ ሙቀቱ ነው። እኛ ግን ልንናገር የምንወደው ስለ አንድ መሣሪያ ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው የማይታዩ ስለ ሆኑ ሙቀቱንም ማንሣታችን አይቀርም።

መሣሪያው ባለ ብዙ ዘዴ የብየዳ ማሽን ነው። ቀድሞ ሦስት ማሽን ይጠይቅ የነበረውን የኤሌክትሮድ፣ የሚግና የቲግ ብየዳ አንድ ሣጥን ይሠራዋል። አዋሽ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናትና ከብረት ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። ሰመራም የጅቡቲ መንገድ ስለሚያልፍባት የተሰበረ ተሳቢና የሚያፈስ ቦቴ አያጣትም። ስለዚህ የማሽኑን መምጣት በደስታ እንቀበላለን። የምንቃወመው ማሽን ተገዝቶ ጓንት የሚረሳበትን አሠራር ነው።

ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የሥራ ቤት ማሽኑ አዲስ ነበር፤ ለሦስት ሰው ግን የነበረው አንድ ማስክ ብቻ ነው። በያጁ በካናቴራና በነጠላ ጫማ ይሠራል። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ «እስቲ እናንተ ቆዳ ልበሱና በዚህ ሙቀት ቁሙ!» አለን። ይህን እንደ ስንፍና ልንቆጥረው አይገባም፤ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከማሽኑ እንጀምር። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠራ የብየዳ ማሽን ከጎኑ ባለው ሰሌዳ ላይ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሊበይድ እንደሚችል ተጽፎበታል። 60 በመቶ የሚል ከሆነ 6 ደቂቃ ይሠራል፤ 4 ደቂቃ ያርፋል። ይህም የሚለካው በ40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ነው። በሰመራ በሐሩሩ ወራት ጥላው ራሱ ከ40 ያልፋል። እንግዲህ ለብረቱ ሣጥን ዕረፍት በቁጥር ተጽፎለት ሳለ ለሰውየው ምን ተጻፈለት?

ላቡም ሌላ አደጋ ያመጣል። በኤሌክትሮድ ዘዴ ማሽኑ ተከፍቶ ሳይበይድ በቆመበት ጊዜ በመያዣው ላይ እስከ 80 ቮልት ገደማ ሊኖር ይችላል። ደረቅ ቆዳ ይህን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ላብ ያራሰው ቆዳ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የአዋሽ በያጅ ከአዲስ አበባው ይልቅ ደረቅ ጓንት ያስፈልገዋል። በላብ የራሰው በደረቅ እንዲለወጥ ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ አይበቃውም።

ማሽኑ ዘዴ ለዋጭ መሆኑ ደግሞ የራሱን ወጥመድ ይዞ መጥቷል። ሚግ የለመደ እጅ ማስነሻውን ሲለቅ ኤሌክትሪኩ የተቋረጠ ይመስለዋል። በኤሌክትሮድ ዘዴ ግን በብዙ ማሽኖች መያዣው ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ቁልፉን ከማዞር በፊት ማሽኑ ይጥፋ፤ የማይፈለገው ገመድ ይነቀል፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ለዘዴው ተስማሚ መሆኑ ይታይ፤ የማስኩም መስታወት እንደ ኀይሉ መጠን ይመረጥ። ይህን የዘለለ ሰው ማታ ዐይኑ አሸዋ እንደ ተሞላበት ሆኖ ሲያድር ያስታውሰዋል።

ጋዙም እንዲሁ ነው። ነፋስ ወይም ቬንቲላተር የሚግን ጋዝ ስለሚበትን በያጁ በሩን ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ጭሱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ወገን መድቦታል። ዚንክ የተቀባ ብረት የበየደ ሰው ደግሞ በዚያው ምሽት ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል። በአዋሽ ሸለቆ ይህን ያየ ሁሉ ወባ ነው ይላል። ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሙን ማስመርመር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀን ምን ሲበይድ እንደ ዋለ ለሐኪሙ ይንገር። ወተት ጠጥቶ ጭሱን ማጠብ ይቻላል የሚባለውም አይረዳም። ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው።

ስለ ቦቴ አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። «ባዶ ነው» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ነዳጁ ሲቀዳ ተኑ ይቀራልና ባዶ የተባለው ከሞላው የባሰ ሊፈነዳ ይችላል። ታጥቦ፣ ተናፍሶ፣ በመሣሪያ ሳይመረመር የብየዳ ብልጭታ ሊቀርበው አይገባም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ለልምምድ የሚላክ ተማሪ ከዚያ ያነሰ ሊሰጠው አይገባም። ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጓንት፣ ማስክና የጭስ መሳቢያ ከማሽኑ ጋር በአንድ የግዥ ሰነድ ይግቡ። ሁለተኛ፣ በቆላ ከተሞች የብየዳ ልምምድ ማለዳ እንዲሆን፣ በቀትርም እንዲቆም ሰዓቱ ይደልደል፤ ዕረፍትና ውሃም የሥራው ክፍል ሆነው ይቆጠሩ። ሦስተኛ፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለው በአማርኛና በአፋርኛ ተተርጉሞ ከግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ሦስተኛው የማንንም በጀት አይጠብቅም። እኛው ተማሪዎች ልንሠራው እንችላለን፤ መምህሮቻችን ያርሙልን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ሥራውን ከሚቀጥለው የልምምድ ጉዞ በፊት እንጀምረው።