ልጁ ኳስ ሜዳ በገባ ዕለት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ እንነጋገራለን። የዛሬው ርዕሳችን ጨዋታ ነው። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ውስጥ ገብቶ ሲጫወት ምን ያገኛል? ምንስ ይቸግረዋል?

ቡድን ማለት ለአንድ ሥራ አብረው የቆሙ ሰዎች ማለት ነው። ደቦ የወጣ ገበሬ ይህን ያውቃል። አንዱ ያጭዳል፤ አንዱ ነዶ ያስራል፤ አንዱ ይከምራል። ሁሉም ማጭድ ብቻ ቢይዝ ነዶው ማሳ ላይ ይቀራል። የቡድን ጨዋታም እንዲሁ ነው።

አገራችን የቡድን ጨዋታን ያወቀችው በእግር ኳስ አይደለም። የገና ጨዋታ አለን። የገና በዓል ሲደርስ እረኞች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይቆርጣሉ። ዱላውም ገና ይባላል። ኳሷ ሩር ትባላለች። ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። ልጆችና ጎልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ሩሯን ይመታሉ። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ ይባላል። ጌታው ዱላ ቢያርፍበት እንኳ አይቆጣም ነበር። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ቡድንን የተማሩት በሩር ይሆናል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። ከከተማዋ በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ በታች፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ የካ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ኮተቤና ላም በረት በዚሁ ክፍለ ከተማ ናቸው። ዳገቱ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ሴቶች ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ይወርዱበታል። ሯጮች ይለማመዱበታል። እንዲህ ባለ ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያለመደ ሰው ትንሽ ሮጦ ቶሎ ያለከልካል።

እስቲ በዚህ ዳገት የሚኖር አንድ የ7 ዓመት ልጅ እናስብ። የመንደሩ ልጆች ከዛፎቹ መካከል ሜዳማ ቦታ አግኝተው ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ የጨርቅ ናት። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው በገመድ አስረዋታል። ግቡ 2 ድንጋይ ነው።

ልጁ ብዙ ቀን ዳር ቁጭ ብሎ አየ። ኳሷ ቁልቁል ስትንከባለል ሮጦ ያመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን አንደኛው ወገን ሰው ጎደለበት። «አንተ፣ ና ግባ!» አሉት። ልቡ ደስ አለው። ትንሽ ስለሆነ ግን በረኛ አደረጉት። በረኛ ግብ የሚጠብቅ ተጫዋች ነው። ከሁሉ እርሱ ብቻ ኳስን በእጅ መያዝ ይችላል።

ጨዋታው ተጀመረ። ልጆቹ ሁሉ እንደ ንብ መንጋ ኳሷን ከበቡ። ማንም ወደ ኋላ አልቀረም። ኳሷ ካመለጠቻቸው ግን በረኛው ብቻውን ነው። 5 ጊዜ ወደ ግቡ መጣች። 3 ጊዜ መለሳት፤ 2 ጊዜ ገባችበት። ያኔ ጓደኞቹ ጮኹበት። «በአንተ ምክንያት ተሸነፍን!» አሉት።

ልጁ አልቅሶ ቤቱ ገባ። «አባዬ፣ ሁለተኛ አልሄድም» አለ።

አባት አሁን ምን ይበል? «ደግ አደረግህ፤ ኳስ እንጀራ አይሆንም» ቢለው ልጁ ቤት ይቀራል። ሲከፋው መሸሽን ይማራል። ዱላ ይዞ ልጆቹን ሊያባርር ቢወጣስ? በማግስቱ ከልጁ ጋር የሚጫወት አይገኝም።

ሌላ መንገድ አለ። አባትየው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይጠይቀው።

«ልጄ፣ ኳሷ ስንት ጊዜ መጣችብህ?»

«5 ጊዜ።»

«ስንቱን መለስህ?»

«3ቱን።»

«ስትመጣብህ ከፊትህ ማን ነበር?»

ልጁ ያስባል። ማንም አልነበረም! ኳሷ በረኛው ጋ ከመድረሷ በፊት ሌሎቹን ሁሉ አልፋ ነው የመጣችው። ታዲያ ጥፋቱ የአንድ ልጅ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። «እንግዲያው ነገ አንድ ሰው ከፊቴ ይቁም በላቸው» ይለዋል አባቱ። ምናልባት ነገም ይሸነፉ ይሆናል። ልጁ ግን ነገሩን መርምሮ መናገርን ተምሯል። ይህ ለዕድር ስብሰባም ለእርሻም ይጠቅመዋል።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ግብ ይገባባቸዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ለአፍሪካ ዋንጫ ተጫወተ። ተጋጣሚው በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች። የእኛ ቡድን ግን አልተበተነም። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። አራቱን ግቦች ያገቡት አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ይገኛሉ። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይሸነፍም።

ሴት ልጅስ? ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ስትመለስ እርስዋም መጫወት ያምራታል። አገራችን ሉሲ የሚባል የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አላት። ስለዚህ «ኳስ የወንድ ነው» አንበል። ወንዱ ሥራ ቢያግዛት የመጫወቻ ጊዜ ታገኛለች።

ወላጆች እነዚህን ነገሮች ብናደርግ ይበጃል።

1. መጫወቻው ከመኪና መንገድና ከገደል የራቀ ይሁን። መስታወትና ሹል ድንጋይ ይለቀም።

2. ሜዳው ዘቅዘቅ ያለ ከሆነ ቡድኖቹ እኩሌታው ላይ ቦታ ይለዋወጡ። አለዚያ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ዳገት ይጫወታል።

3. ትንንሽ ልጆች እንደ ትልልቆቹ 11 ለ 11 መሆን የለባቸውም። 4 ለ 4 ወይም 5 ለ 5 ሲሆኑ ሁሉም ኳስ ይደርሳቸዋል።

4. በረኝነት በየተራ ይሁን። ትንሹ ልጅ ሁልጊዜ እዚያ አይቁም።

5. ልጁ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብቻ አንበለው። «ለማን አቀበልክ?» እንበለው። ማቀበል ማለት ኳስን ለጓደኛ መስጠት ነው።

የሥራ ሰዓትና የጨዋታ ሰዓት ይለይ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ኳስ ሲያሳድድ ከብቱ ማሳ ይገባል። ግን ለጨዋታ ምንም ጊዜ ያልተሰጠው ልጅ ተደብቆ ይጫወታል። ሰዓቱን ብንነግረው ሥራውንም ጨዋታውንም ያከብራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ልጁ ግብ የገባበት ለምን ነው?

ለ. ጓደኞቹ በጮኹበት ጊዜ ምን ቢሉት ይሻል ነበር?

ሐ. በእናንተ መንደር ልጆች የሚጫወቱት የት ነው? ቦታው ደኅና ነው? ካልሆነ ማን ከማን ጋር ሆኖ ያስተካክለው?