እስቲ አብራችሁ ፒያሳ ውጡ

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ባልና ሚስት ሁለታችሁ ብቻ፣ ሠርግ ሳይጠራችሁ፣ ለቅሶ ሳይደርስባችሁ፣ ሐኪም ቤት ሳትቀጠሩ፣ እንዲሁ አብራችሁ ለመዋል ብላችሁ ከቤት የወጣችሁት መቼ ነው? ለማስታወስ ከተቸገራችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ለምክር ወደ እኛ ከሚመጡት ባለትዳሮች መካከል ብዙዎቹ የተጣሉ አይደሉም። ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን ወሬ አልቆባቸዋል። ማታ ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስላለቀው ዘይት ነው። እነዚህ ሁሉ ቁም ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ የባልና ሚስት ጨዋታ ሁሉ የቤት ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ይመስላሉ። ልጆቹ አድገው ቤቱን ሲለቁ ምን ሊነጋገሩ ነው?

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር ልምከራችሁ። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ወስዳችሁ አብራችሁ ወደ መሃል ከተማ ውጡ። መሃል ከተማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ "በል እንጫወት" ቢባል ወሬ አይመጣም። የሚታይ ነገር ሲኖር ግን ጨዋታው በራሱ ይመጣል። አዲስ አበባ ለምትኖሩ መንገዱን እኔ ላሳያችሁ።

ጠዋት ከፒያሳ ጀምሩ። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን አደባባይ ማለት ነው፤ የቀድሞ ስሙ አራዳ ነው። ትልቁ የከተማው ገበያ ይቆም የነበረውም እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ሐውልቱን አንሥቶ ቀብሮት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሐውልቱ አቅራቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ታገኛላችሁ። እዚያ ስትገቡ አትቸኩሉ። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም ከባለቤታቸው ጋር ዘምተው ምን እንደሠሩ አንብቡ፤ በመቀሌው ምሽግ ጠላት የሚጠጣውን ውኃ የማስያዙ ምክር የእርሳቸው እንደነበር ይነገራል። ደግሞም ፍልውኃ አካባቢ ያለውን ቦታ ወደው በ1879 ዓ.ም ለዚህች ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። ይህ እንግዲህ ባልና ሚስት ሊያወሩበት የሚገባ ታሪክ አይደለም? ወንድሜ፣ "አንቺ ብትሆኚ ምን ትመክሪኝ ነበር?" ብለህ ባለቤትህን ጠይቃት።

የዛሬዋ ፒያሳ የምታውቋት ፒያሳ ላትሆን ትችላለች። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የድሮ ቤቶች ፈርሰዋል። የጋብቻ ቀለበታችሁን የገዛችሁበትን ወርቅ ቤት ታጡት ይሆናል። ግድ የለም፣ "የቱ ጋ ነበር?" እየተባባላችሁ ቦታውን ፈልጉት። ያን ቀን ምን ለብሳችሁ እንደነበር፣ ብሩ እንዴት እንደተሟላ፣ ማን እንደተከተላችሁ ሁሉ ይታወሳችኋል። ቤቱ ቢፈርስም ትዝታው የእናንተ ነው።

ለምሳ ጣይቱ ሆቴል ቅርባችሁ ነው። በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው ይህ ሆቴል የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል ሲሆን ዕድሜው ከ100 ዓመት አልፏል። በጥር 2007 ዓ.ም የእሳት አደጋ ደርሶበት ተጠግኗል። የእንጨት ወለሉንና ደረጃውን ለማየት ብቻ እንኳ መግባት ይቻላል። በጀታችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ደግሞ ረቡዕ ወይም ዓርብ ውጡ፤ በእነዚህ ቀናት በየምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ አይጠፋም፤ ለሁለት ሰው አንድ ትሪ ይበቃል፤ ከሥጋውም ይረክሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በብዙ ሆቴሎች በምግብ ዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። ሒሳቡ ሲመጣ ፊታችሁ እንዳይለወጥ፣ ከማዘዛችሁ በፊት "ታክሱ ውስጡ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከምሳ በኋላ ቡና ያምራል። ቶሞካ ፒያሳ ላይ ሥራ ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ ለረጅም ጨዋታ ባይመችም መዓዛው ብቻ ያስደስታል።

ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ውረዱ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምም። በመንገዱ ላይ የባህል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ወደ ታች ስትደርሱ በ1948 ዓ.ም የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትርና ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ታያላችሁ። መጨረሻችሁ ለገሃር ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ሲሆን፣ ለገሃር የሚለው ስምም ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ታክሲም ከዚያ አይጠፋም።

አሁን ስለ ገንዘብ እንነጋገር፤ ብዙ ሽርሽር የሚበላሸው ሱቅ ውስጥ ነውና። እርሷ አንድ ነጠላ ታነሣለች፣ እርሱ ሰዓቱን ያያል። እርሱ ጫማ ይለካል፣ እርሷ የወሩን አስቤዛ ታስባለች። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የቀኑን ገንዘብ ተስማሙና በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለትራንስፖርትና ለመግቢያ፣ ሦስተኛው ለግዢ። የግዢውን ደግሞ እኩል ተካፈሉ። እያንዳንዳችሁ በድርሻችሁ የወደዳችሁትን ብትገዙ ሌላው "ይህ ምን ያደርጋል?" አይበል። በባህል ዕቃ ሱቆች ዋጋ ይከራከራሉ፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ሰምታችሁ አትደንግጡ። የሚከራከረው ግን አንዳችሁ ብቻ ይሁን፤ ሌላችሁ "ኧረ ርካሽ ነው!" ካላችሁ ክርክሩ አለቀ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ስልካችሁን ከቦርሳ አታውጡ፤ ልጆቹ ያሉበት ቤት ከደወለ ብቻ አንሡ። ወንድሞች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ አምስት እርምጃ ቀድማችሁ አትሂዱ። ብዙ ባሎች በመንገድ ላይ ሚስታቸውን ከኋላ አስከትለው ሲሄዱ እናያለን። አብሮ መውጣት ማለት በአንድ እርምጃ መሄድ ነው፤ ጎን ለጎን ካልሄዳችሁ ጨዋታው ከየት ይመጣል?

"ልጆቹንስ ለማን እንተው?" ትሉኝ ይሆናል። በኅብረታችሁ ውስጥ ካለ ሌላ ባልና ሚስት ጋር ተነጋገሩ። በዚህ ወር እነርሱ የእናንተን ይያዙ፣ በሚቀጥለው ወር እናንተ የእነርሱን። በዚህ ሁለት ትዳር ይጠቀማል። "ገንዘብ የለንም" የምትሉም አትቅሩ። አደባባዩን ማየትና በቸርችል መውረድ አያስከፍልም፤ የታክሲና የሁለት ስኒ ቡና ካላችሁ ቀኑ ሙሉ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ጃንጥላ አትርሱ።

"ለአገልጋይ ሰው ይህ ዓለማዊነት አይሆንም ወይ?" የሚሉም አሉ። የመዘምራን ልምምድ፣ የጸሎት ፕሮግራም፣ የቤት ለቤት ኅብረት እያልን ሳምንቱን ሙሉ ለሌሎች እንሮጣለን። መልካም ነው። ነገር ግን በመድረክ ላይ ስለ ትዳር የምናስተምር ሰዎች ለትዳራችን ግማሽ ቀን ካጣን፣ ልጆቻችን የሚያምኑት ትምህርታችንን ሳይሆን የሚያዩትን ነው። አባትና እናታቸው ለብሰው አምረው፣ እየተሳሳቁ ከቤት ሲወጡ ማየት ለልጆች ትልቅ ስብከት ነው።

በሌላ ከተማ የምትኖሩም የራሳችሁ ፒያሳ አላችሁ። ይህን ገጽ ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡትና ቀኑን ቁረጡ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉት፤ ያልተጻፈ ቀጠሮ በስብሰባ ይበላልና።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ። ቸር ሰንብቱ።