«የሉል እናት» መባሉ ተገቢ ነው



በደኅና ሸሚዝ አዝራር ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጨውን የዛጎል ውስጠኛ ገጽ ጣሊያኖች «ማድሬፔርላ»፣ ጀርመኖች «ፐርልሙተር» ይሉታል፤ የሉል እናት ማለት ነው። ተማሪዎቼ በሚያነቧቸው አንዳንድ ትርጉሞች ግን በደፈናው «ዛጎል» ተብሎ ይታለፋል። ይህን አልደግፍም፤ ስሙ ተረት አይደለምና። በዛጎሉ ውስጥ የሚኖረው እንስሳ ቤቱን የሚለብጠው ከሰውነቱ በሚያመነጨው ቁስ ነው፤ ባዕድ ነገር ሲገባበትም በዚያው ቁስ ደራርቦ ይሸፍነዋል። ሉል የሚባለው ይኸው ነው። ጠላቂዎች በቀይ ባሕር ከዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሲያወጡት የኖሩት ሁለቱንም ነው።

ግዕዛችንማ ሉልን «ባሕርይ» ይለዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ጠባይ ስንመዘግብበት ይህን ማን ያስታውሳል! እንግዲህ ተርጓሚዎች ከእናትና ከልጁ አንዱን እንዳያስቀሩብን፣ «የሉል እናት» ብለው እንዲጽፉልን እለምናለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር