78ቱስ የት ሄዱ?



በጅዳ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አንዲት እኅታችን በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት 16 ማለዳ፣ አሠሪዎቿ ሳይነሡ ወሎ ለሚገኘው የ7 ዓመት ልጇ ደወለችለት፤ የበላዔ ሰብእንም ታሪክ ተረከችለት። ልጁ እየሳቀም እየፈራም ካዳመጠ በኋላ፣ «ለማኙንስ ለምን አልበላውም?» አላት። እርሷም ሰውነቱ በቁስል ስለ ተመታ ተጸይፎት ነው ብላ መለሰችለት። ልጁ እጅግ ሳቀ። ቀጥሎ ግን፣ «78ቱስ የት ሄዱ?» ሲላት መልስ አጣችና ጥያቄውን ወደ እኔ ላከችው።

በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ ንስሐ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ከመንበረ ታቦት ፊትም ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰብኬዋለሁ። ስለ 78ቱ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ታሪኩ በተአምረ ማርያም የሚነበብ፣ በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራት ግድግዳም ላይ የተሣለ ነው። የቅምር አገር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። ውሃ የጠማው ድውይ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው ከለከለው፤ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሳቱና ውሃው በሚዛን ተቀመጡ፤ የእመቤታችንም ጥላ በውሃው ላይ ባረፈ ጊዜ ውሃው መዘነ። ልጆች የሚወዱት ስለሚያስፈራና ስለሚያስቅ ነው፤ እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ምሕረትን ስለሚሰጠን እንወደዋለን። የተበሉት ሰዎች ግን ስም የላቸውም፤ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ቁጥር ብቻ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ከተማ ጥቂት እኅቶች በዕረፍት ቀናቸው በአንድ ቤት ተሰብስበው መቁጠሪያ ይጸልያሉ። ቀድሞ ደላላ የነበረች አንዲት ሴት መጥታ፣ «ተለውጫለሁ፤ ከእናንተ ጋር ልጸልይ» አለቻቸው። ይህች ሴት የገዛ አገሯን ልጆች በሐሰት የደመወዝ ተስፋ አታልላ፣ ወላጆቻቸው በሬና መሬት ሸጠው ያመጡትን ገንዘብ ተቀብላ የላከች ናት። ከሚጸልዩት መካከል ሁለቱ እርሷ የላከቻቸው ናቸው። አንዷ፣ «እርሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለች። ሌሎቹም፣ «በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውሃ ከዳነ እኛ ማን ነን የምንከለክላት?» ሲሉ ተቆጧት።

እኔ ከተቆጧት ጋር አልስማማም። አውሬ የሆነ ሰው ሊለወጥ እንደሚችል አምናለሁ፤ ይህን ባላምን ኖሮ በንስሐ ወንበር ላይ ባልተቀመጥሁ ነበር። ነገር ግን ሚዛኑን የያዘው እግዚአብሔር እንጂ የጸሎት ማኅበር አይደለም፤ የተበላውን ሰው ዝም ለማሰኘትም ታሪኩ አልተሰጠንም።

በ1902 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር አሌሳንድሮ ሴሬኔሊ የተባለ ወጣት የ11 ዓመቷን ማርያ ጎሬቲን በስለት ወግቶ ገደለ። በእስር ቤት መጀመሪያ ላይ ምንም ጸጸት አልነበረበትም፤ በኋላ ግን ተመለሰ። ከተፈታም በኋላ ወደ እናቷ ወደ አሱንታ ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ እርሷም ማረችው። ከዚያ በካፑቺን ገዳም እየሠራ ኖሮ በ1970 አረፈ። ስንሰብከው የምንዘለው አንድ ነገር አለ፤ 27 ዓመት ታስሯል። ወደ እናቲቱ ደጅ የሄደውም እርሱ ነው እንጂ፣ እርሷን ወደ እርሱ የጎተታት አልነበረም። ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1459፣ የኃጢአት ይቅርታ ኃጢአቱ ያመጣውን ጉዳት ሁሉ እንደማይጠግን፣ የሰረቀም የሰረቀውን መመለስ እንዳለበት ያስተምራል። ዘኬዎስም ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ወዲያው ሒሳቡን ማሰብ ጀመረ፤ ግማሹን ለድሆች፣ የበደለውን ደግሞ አራት እጥፍ።

በላዔ ሰብእ የበላቸውን መመለስ አይችልም ነበር። የዚህች ሴት 78ቱ ግን በሕይወት አሉ፤ ከፊሎቹ እዚያው ጅዳ በሰው ቤት ወለል እየወለወሉ ነው፤ ወላጆቻቸውም ዕዳቸውን ገና አልጨረሱም። ስለዚህ መለወጧ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። ለእኅቶቻችን የጻፍሁት ይህን ነው፦ ጸሎት አትከልክሏት፤ ነገር ግን የእነዚያ የሁለቱ ማኅበር አስቀድሞ የእነርሱ ነውና፣ እስኪፈቅዱ ድረስ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት ከመካከላችሁ አንዷ ከእርሷ ጋር ትጸልይ። የዕቁብ ገንዘብ አታስይዟት፤ አዲስ ከመጡ ልጆችም ጋር ብቻዋን አትተዉአት። የወሰደችውን በስም በስሙ ጽፋ መመለስ ትጀምር። ያቺ «እወጣለሁ» ያለችው እኅት ደግሞ ሰላም ልትላት አትገደድም፤ ይቅር ማለት ቢከብዳት ስለ ክፋቷ ሳይሆን ስለ ቁስሏ ነው፤ ጊዜ ያስፈልጋታል። ምክሬ ጭካኔ የመሰላቸው እንዳሉ ሰምቻለሁ።

ሴትየዋ ለአንዲት ልጅ ወላጆች የተወሰነ ገንዘብ መላኳን ነግረውኛል። ገና ብዙ ይቀራታል።

ለልጁም፣ «78ቱ በእግዚአብሔር ዘንድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በስም ያውቃቸዋል» የሚል መልስ ላክሁለት። እናቱ እንደ ነገረችኝ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ በላዔ ሰብእ ሲመጣ በሩን ማን ከፈተለት?» አላት። ለዚህኛው እስካሁን አልመለስሁለትም።